በረዶው ሳይጥል የሚሰበሰብ መዋጮ

አባላቱ በጋራ የያዙት አንድ የአሜሪካ ተራራ፣ በረዶ በሚዘገይበት ዓመት ሥራ የሚጀምርበትን ገንዘብ ከየት ያገኛል?

ታኅሣሥ 14 ቀን 2008 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 24 ቀን 2015፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በምትገኘው የቬርሞንት ግዛት የገና ዋዜማ ነበር። በዚያ አገር በዚህ ወቅት ተራራው በበረዶ ተሸፍኖ፣ ኩሬው ረግቶ መታየት ይገባው ነበር። ይሁን እንጂ በዚያን ዕለት በግዛቲቱ ትልቁ ከተማ በበርሊንግተን የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። ይህ በግንቦት ወር የሚጠበቅ ሙቀት እንጂ የገና አየር አልነበረም። በሰው እጅ የተሠራ በረዶ ከተረጨባቸው ቦታዎች በቀር፣ የተራራው ተዳፋት በአብዛኛው ሣርና ጭቃ ሆኖ ዋለ።

ነገሩን ከሩቅ ለሚሰማ ሰው «በረዶ ካልጣለ ጨዋታው ይቀራል እንጂ ምን ጉዳት አለው?» ያሰኝ ይሆናል። በተራራው ሥር ለሚኖሩት የገጠር መንደሮች ግን በረዶ አዝመራ ነው። ተራራው ሲከፈት የወንበር መጎተቻውን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ፣ ሻይና ምሳ የሚሸጠው፣ አልጋ የሚያከራየው፣ መንገድ የሚጠርገው ሁሉ ሥራ ያገኛል። ሳይከፈት ሲቀር ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በዚያ ክረምት በቬርሞንት የበረዶ ሸርተቴ ቦታዎች የተመዘገበው የጎብኚዎች ቁጥር ካለፈው ዓመት 4.7 ሚሊዮን ገደማ ወደ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ወርዷል። ከሦስት እጅ አንዱ ሊባል የሚችል ጎብኚ በአንድ ወቅት ጠፋ ማለት ነው።

ትላልቆቹ ኩባንያዎች በብዙ ግዛቶች ተራሮች ስላሏቸው፣ በአንዱ የጎደለውን ከሌላው ይሞላሉ። አንድ ተራራ ብቻ ያለው፣ ያውም አባላቱ በጋራ የያዙት ትንሽ ድርጅት ግን የሚሞላበት ሌላ ማሳ የለውም። እንዲህ ያለው ድርጅት ገና ላልጣለ በረዶ ገንዘብ የሚያሰባስብበት መንገድ፣ የጋራ ንብረት ለሚመራ ማኅበር ሁሉ ትምህርት የሚገኝበት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የበረዶ አዝመራ

የበረዶ ሸርተቴ ማለት ሰው በሁለት ረጃጅምና ልሙጥ ጣውላ መሰል መጫሚያዎች ላይ ቆሞ በበረዶ ከተሸፈነ ተዳፋት ቁልቁል የሚንሸራተትበት ስፖርት ነው። ወደ ላይ የሚወጣው በብረት ገመድ ላይ በተንጠለጠለ ወንበር ነው። ለዚህ መጎተቻና ለተዳፋቱ አገልግሎት የቀን ወይም የወቅት ቲኬት ይገዛል። ድርጅቱ የሚተዳደረው በዚህ ገንዘብ ነው።

በቬርሞንት የሥራው ወቅት በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ መግቢያ ተጀምሮ እስከ መጋቢት መጨረሻ ወይም እስከ ሚያዝያ ይዘልቃል። ገቢው ግን በአራትና በአምስቱ ወራት እኩል አይከፋፈልም። ትምህርት ቤት የሚዘጋበትና ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚወጣበት የገና ሳምንት፣ ከዚያም በጥር አጋማሽና በየካቲት አጋማሽ ያሉት የበዓል ቀናት ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛሉ። ከእነዚህም ውስጥ የመጀመሪያውና ትልቁ የገና ሳምንት ነው።

ወጪው በአንጻሩ በረዶ ጣለም አልጣለም አይቀርም። የመጎተቻው ዓመታዊ ምርመራና ጥገና፣ የኢንሹራንስ ክፍያ፣ የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ፣ የመብራት ሒሳብ፣ የባንክ ዕዳ ሁሉ የሚከፈለው ተራራው ገና ሳይከፈት ነው። ከዚህም የተነሳ ድርጅቱ ኪሱ ባዶ የሚሆነው በመኸር መጨረሻ፣ ማለትም ወጪው ተጠናቆ ገቢው ባልጀመረበት ጊዜ ነው። ዘሩን ዘርቶ ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ ይህን ስሜት ያውቀዋል። በጥር ወር አንድ ሜትር በረዶ ቢጥል እንኳ ያለፈውን የገና ሳምንት አይመልስም።

በዚህ ዓይነቱ ችግርና በሌሎችም ምክንያቶች ብዙ ትንንሽ ቦታዎች ተዘግተዋል። የአሜሪካ የበረዶ ሸርተቴ ቦታዎች ማኅበር በ1982-83 ክረምት የሚሠሩትን ቦታዎች 735 አድርሶ ቆጥሮ ነበር። በቅርብ ዓመታት ቁጥሩ ከ500 በታች ሆኗል። ከተዘጉት ውስጥ አብዛኞቹ አንድ መጎተቻ፣ አንድ ሻይ ቤትና በአካባቢው ልጆች የሚሞላ አንድ ተዳፋት የነበራቸው የመንደር ቦታዎች ናቸው።

ሰው ሠራሽ በረዶ ምን ይፈልጋል?

በረዶን በመሣሪያ መሥራት የተጀመረው በ1950 ነው። በኮኔቲከት ግዛት በሚልፎርድ ከተማ የበረዶ ሸርተቴ መጫሚያ ይሠሩ የነበሩ ዌይን ፒርስ፣ አርት ሃንትና ዴቭ ሪቺ የተባሉ ባልንጀሮች፣ በዚያ ክረምት በረዶ በመጥፋቱ ዕቃቸውን የሚገዛቸው ሰው አጡ። ስለዚህ የቀለም መርጫ የአየር መጭመቂያ ሞተር፣ የአትክልት ማጠጫ ጎማና ቀጭን አፍንጫ አገጣጥመው ውሃን በታመቀ አየር ወደ ቀዝቃዛ ሰማይ ረጩ። የተበተነው ውሃ መሬት ሳይደርስ በረዶ ሆነ። መሣሪያው እስከ ዛሬ ቢሻሻልም መሠረቱ ይኸው ነው።

ለሥራው ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው። እነርሱም ቅዝቃዜ፣ ውሃና ኃይል ናቸው።

ቅዝቃዜው የሚለካው በተራ ቴርሞሜትር ብቻ አይደለም። የአየሩ ድርቀትም ይታያል። አየሩ ደረቅ ሲሆን የተረጨው ውሃ በከፊል ስለሚተን ቀሪውን ያቀዘቅዘዋል። ስለሆነም በዜሮ ዲግሪ ገደማም ቢሆን በረዶ መሥራት ይቻላል። አየሩ እርጥበት ያዘለ ከሆነ ግን ከዜሮ በታች ሁለትና ሦስት ዲግሪ መውረድ ያስፈልጋል። ቅዝቃዜው በበረታ መጠን በተመሳሳይ ኃይል ብዙ በረዶ ይገኛል። በወቅቱ መጀመሪያ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ የሚገኘው በአብዛኛው በሌሊት በመሆኑ፣ ሠራተኞቹ ማታ ገብተው ጎሕ ሲቀድ ይወጣሉ።

የውሃው መጠን ቀላል አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ኩብ የመሣሪያ በረዶ ይሰጣል። ነገሩን በሒሳብ ለማየት፣ 1 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 30 ሜትር ስፋት ያለውን አንድ ተዳፋት እንውሰድ። ስፋቱ 3 ሔክታር ይሆናል። ይህን ቦታ በ30 ሣንቲ ሜትር በረዶ ለመሸፈን 9,000 ሜትር ኩብ በረዶ፣ ለዚያም 4,000 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ያስፈልጋል። ይህም 4 ሚሊዮን ሊትር ማለት ነው። ፓምፑ በሴኮንድ 20 ሊትር የሚገፋ ከሆነ፣ ያለ ማቋረጥ 55 ሰዓት ያህል መሥራት አለበት። በየሌሊቱ ለሥራ የሚመች አሥር ሰዓት ቢገኝ፣ አንድ ተዳፋት ብቻ ለመሸፈን አምስት ወይም ስድስት ቀዝቃዛ ሌሊቶች ይፈጃል።

የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። እነዚያ አምስት ወይም ስድስት ሌሊቶች ከገና በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ሊመጡ ይችላሉ። በሚመጡበት ጊዜ ቧንቧው ካልተዘረጋ፣ ፓምፑ ካልተጠገነ፣ ኩሬው ካልሞላ፣ ሠራተኛው ካልተቀጠረ ዕድሉ ያልፋል። በቅዝቃዜው ዕለት ገንዘብ መፈለግ አይቻልም። ስለዚህ ለበረዶው የሚሆነው ገንዘብ መሰብሰብ ያለበት ሣሩ ለምለም በሆነበት በበጋቸው ወራት፣ ማንም ስለ በረዶ በማያስብበት ጊዜ ነው።

ውሃውም ቢሆን እንደ ልብ የሚቀዳ አይደለም። በቬርሞንት ለበረዶ ሥራ ከወንዝ የሚጠለፍ ውሃ በደንብ የተወሰነ ነው። የወንዙ ፍሰት በፌብሩዋሪ ወር ከሚታወቀው መካከለኛ መጠን በታች እንዳይወርድ መጠበቅ የደንቡ መሠረት ነው። ምክንያቱም በክረምት የወንዙ ውሃ በሚያንስበት ጊዜ ቢጠለፍ፣ በውሃው ውስጥ ያሉት ዓሦችና ሌሎች ሕይወት ያላቸው ነገሮች ይጎዳሉ። በመሆኑም ወንዙ ሞልቶ በሚፈስበት ጊዜ ውሃውን አጠራቅሞ የሚይዝ ኩሬ መቆፈር ግድ ይሆናል። ለብዙ ትንንሽ ቦታዎች ከመርጫው መሣሪያ ይልቅ የኩሬውና የቧንቧው ወጪ ይከብዳል።

አንድ ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ ሰባት ዕጣ

በቬርሞንት በፌይስተን ቀበሌ በጄኔራል ስታርክ ተራራ ላይ ማድ ሪቨር ግሌን የሚባል የበረዶ ሸርተቴ ቦታ አለ። የተመሠረተው ሮላንድ ፓልሜዶ በተባለ ሰው ሲሆን፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዘው ተንጠልጣይ ወንበር ሥራ የጀመረው በ1948 ነው። ተራራው 1,100 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከጫፉ እስከ ሥሩ ያለው ቁልቁለትም ከ600 ሜትር ይበልጣል።

በ1990ዎቹ የቦታው ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ ቤትሲ ፕራት ንብረቱን ለመሸጥ ወሰኑ። ነገር ግን ለትልቅ ኩባንያ ከመሸጥ ይልቅ፣ በተራራው የሚጠቀሙት ሰዎች ራሳቸው እንዲይዙት ፈለጉ። ተጠቃሚዎቹም የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። የአንዱ ዕጣ ዋጋ 1,500 ዶላር ሆኖ ተቆረጠ። 1,667 ዕጣ ሲሸጥ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሞላ። በዲሴምበር 1995 ማኅበሩ ተራራውን በዚሁ ዋጋ ተረከበ። ዛሬ ከ1,700 የሚበልጡ ባለዕጣዎች አሉት።

የማኅበሩ አሠራር ለኅብረት ሥራ ሰዎች እንግዳ አይደለም። አንድ ሰው ሊይዘው የሚችለው የዕጣ ብዛት ገደብ አለው። የያዘው ዕጣ አንድም ይሁን ከዚያ በላይ፣ በስብሰባ ላይ ያለው ድምፅ አንድ ነው። የሥራ አመራሩን የሚመርጡት አባላቱ ናቸው። ዕጣው የተገዛው ትርፍ ለመካፈል ታስቦ ሳይሆን ተራራው እንዳይዘጋና ጠባዩ እንዳይለወጥ ነው።

ይህ ማኅበር የሚሠራው በትልቅ ጎረቤት አጠገብ ነው። በዚያው ሸለቆ ሹገርቡሽ የተባለ ሰፊ የበረዶ ሸርተቴ ቦታ አለ። ሹገርቡሽ ብዙ ሰው ሠራሽ በረዶ የሚረጭ ሲሆን፣ ከ2020 ጀምሮ በልዩ ልዩ ግዛቶች ተራሮችን የያዘው የአልቴራ ኩባንያ ንብረት ሆኗል። ማድ ሪቨር ግሌን በአንጻሩ የሚታወቀው ከሰማይ በሚጥል በረዶ ነው። ሰው ሠራሽ በረዶ የሚረጭበት ቦታ ከጠቅላላው ጥቂቱ ብቻ ነው። በረዶ በሚዘገይበት ዓመት የሁለቱ ልዩነት በግልጽ ይታያል። አንዱ በሞተር ኃይል ሲከፍት ሌላው ሰማይ ሰማይ ያያል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

አንድ ትንሽ ቦታ ለወቅቱ መጀመሪያ የሚሆን የበረዶ መሥሪያ ለማቆም ሲነሣ፣ ገንዘብ የሚያገኝባቸው በሮች አራት ናቸው። እያንዳንዱም የራሱ ጥቅምና የራሱ አደጋ አለው።

የመጀመሪያው የአባላት ዕጣ ነው። ይህ ገንዘብ ወለድ የለውም፣ መመለሻ ቀንም አይቆረጥለትም። ችግሩ አንድ ጊዜ ከተከፈለ በኋላ የማይደገም መሆኑ ነው። ማድ ሪቨር ግሌን በዕጣ የሰበሰበው 2.5 ሚሊዮን ዶላር ተራራውን ለመግዛት ዋለ። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ጥገናና አዲስ ሥራ ሌላ ምንጭ ማግኘት ነበረበት።

ሁለተኛው ቅድሚያ ክፍያ ነው። የማድ ሪቨር ግሌን አባል ዕጣ በመያዙ ብቻ ግዴታውን አይጨርስም። በየዓመቱ ወቅቱ ሳይደርስ የተወሰነ ገንዘብ ከፍሎ፣ በኋላ በቲኬት ወይም በሌላ አገልግሎት ያወራርደዋል። ይህ ክፍያ ለብዙ ዓመታት 200 ዶላር ነበር። ለአንድ ሰው ትንሽ ቢመስልም 1,700 ሰው ሲከፍለው 340 ሺህ ዶላር ይሆናል። ገንዘቡ የሚገባው ደግሞ የድርጅቱ ኪስ ባዶ በሚሆንበት በዚያው ጊዜ ነው። አባሉ የከሰረው ነገር የለም፤ ማኅበሩ ግን መጎተቻውን አስጠግኖ፣ ሠራተኛውን ቀጥሮ ይጠብቃል።

ቅድሚያ ክፍያ አባል ላልሆነ ተጠቃሚም ይሠራል። በአይዳሆ ግዛት ከቦይዚ ከተማ በላይ የሚገኘው ቦገስ ቤዝን ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት በ1998 ቀድሞ 500 ዶላር ገደማ ይሸጠው የነበረውን የወቅት ቲኬት፣ አስቀድመው ለሚገዙ በ199 ዶላር አቀረበ። ሕዝቡ ተጋፍቶ ገዛ፤ የተሸጠውም ከ20 ሺህ በላይ ሆነ። የቲኬቱ ዋጋ ቢወርድም የገዢው ብዛት ጉድለቱን ሞላ። ከሁሉም በላይ ገንዘቡ የገባው በረዶ ሳይጥል ነው። ይኸው ድርጅት በ2018 የበረዶ መሥሪያ መሣሪያ ተከለ።

የቅድሚያ ክፍያ አደጋው ግን መዘንጋት የለበትም። አስቀድሞ የተሸጠ ቲኬት ዕዳ ነው። በኦሪገን ግዛት የሚገኘውን የማውንት አሽላንድን ተራራ የአካባቢው ሕዝብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገንዘብ አዋጥቶ ከመዘጋት አድኖት ነበር። ይሁን እንጂ በ2013-14 ክረምት በቂ በረዶ ባለመጣሉ ተራራው አንድ ቀን እንኳ ሳይከፈት ወቅቱ አለፈ። እንዲህ ባለ ዓመት የቅድሚያ ገንዘቡን ሁሉ አጥፍቶ የተገኘ ድርጅት ለደንበኞቹ የሚመልሰው ቃል ያጣል። ስለዚህ አስተዋይ አመራር ከቅድሚያ ክፍያው ላይ የተወሰነውን ለክፉ ዓመት መጠባበቂያ ያደርጋል።

ሦስተኛው በር ስጦታና ድጋፍ ነው። በአሜሪካ ሕግ ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሚሰጥ ገንዘብ ከሰጪው ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ሊቀነስ ይችላል። ዕጣ ለመግዛት የሚከፈለው ግን ይህ ጥቅም የለውም። በዚህም ምክንያት ከማድ ሪቨር ግሌን ማኅበር ጎን ስታርክ ማውንቴን ፋውንዴሽን የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ቆሟል። በ2007 ጥንታዊው የአንድ ሰው ወንበር መጎተቻ ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሚፈጅ ወጪ ሲታደስ፣ ገንዘቡን በማሰባሰብ በኩል ይህ ድርጅትና የቬርሞንት የቅርስ ጥበቃ ማኅበር ተካፍለዋል። ከዚያ ወዲህም የበረዶ መሥሪያውን ማሻሻል የሚጨምር 6.5 ሚሊዮን ዶላር የማሰባሰብ ዘመቻ ተካሂዷል።

ከመብራት በኩልም ድጋፍ ይገኛል። የቆዩት በረዶ መርጫዎች ብዙ የታመቀ አየር ስለሚፈልጉ ኃይል ይበላሉ። በቬርሞንት የኃይል ቁጠባን የሚያስተባብረው ኤፊሸንሲ ቬርሞንት የተባለ ድርጅት በ2014 የግዛቲቱ የበረዶ ሸርተቴ ቦታዎች አሮጌ መርጫዎቻቸውን ጥለው በጥቂት ኃይል የሚሠሩትን እንዲገዙ የዋጋ ድጎማ ሰጥቷል። ድርጅቱ ይህን ያደረገው ለስፖርቱ ብሎ አይደለም። በቀዝቃዛ ሌሊት የሚባክነውን ኃይል መቆጠብ ለመብራት ተጠቃሚው ሁሉ ስለሚጠቅም ነው። ትንሽ ማኅበር እንዲህ ያለውን ድጋፍ የሚያገኘው ግን የኃይል ወጪውን በመዝገብ የያዘ እንደሆነ ነው። ሒሳቡን የማያውቅ ድርጅት ምን ያህል እንደሚቆጥብ ማስረዳት አይችልም።

አራተኛው በር የባንክ ብድር ነው። ብድር ሥራውን በአንድ ጊዜ ለማጠናቀቅ ያስችላል። ሆኖም ወለዱ የበረዶውን መጣልና አለመጣል አይጠይቅም። ሁለት ክፉ ዓመታት ቢከታተሉ ለመያዣ የተሰጠው መሬትና መጎተቻ ሊሄድ ይችላል። በዚህ የተነሳ ጥንቁቅ ማኅበራት ብድርን የሚወስዱት ከሌሎቹ ሦስት በሮች የቀረውን ክፍተት ለመድፈን እንጂ ሥራውን ለመጀመር አይደለም።

ምን ያህል ይበቃል?

ገንዘብ ከተገኘ በኋላም ክርክሩ አያበቃም። የጋራ ንብረት በሆነ ተራራ ላይ ሁለት ወገኖች ዘወትር አሉ። አንደኛው ወገን «ጎረቤቶቻችን በገና ሲከፍቱ እኛ ተዘግተን ብንቀር ሠራተኛችን ይበተናል፣ ደንበኛችንም ይለመዳል፤ ስለዚህ በረዶ እንሥራ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ተራራችን የሚወደደው በሰማይ በረዶው ነው። በመሣሪያ ከጀመርን ቧንቧው ቧንቧ እየጠራ፣ ዕዳው ዕዳ እየወለደ ትላልቆቹን ለመምሰል ስንሮጥ እንወድቃለን» ይላል። ሁለቱም አባባሎች እውነት አላቸው።

የማድ ሪቨር ግሌን አካሄድ በሁለቱ መካከል ነው። ተራራውን በሙሉ በመሣሪያ በረዶ ለመሸፈን አልተነሣም። በብዙ ተራሮች ላይ እንደሚታየው በረዶ ቀድሞ የሚጥለውና ዘግይቶ የሚቀልጠው ከላይ በከፍታው ላይ ሲሆን፣ የሚሳሳው ደግሞ ሙቀት በሚበዛበትና ሁሉም ሰው በሚመላለስበት በተራራው ግርጌ ነው። ከላይ በቂ በረዶ ኖሮ ከታች ሁለት መቶ ሜትር ጭቃ ቢኖር ተራራው ይዘጋል። ስለዚህ ጥቂቱ ገንዘብና ጥቂቱ ውሃ ያ የሳሳ ቦታ ላይ ሲውል፣ ከሰማይ የመጣው የቀረው በረዶ ሁሉ ጥቅም ላይ ይውላል። ይህ ከመስኖ አሠራር ጋር ይመሳሰላል። ውሃ ያነሰው ሰው ማሳውን ሁሉ በትንሽ በትንሹ አርሶ አያጠጣም፤ ሰብሉ ሊያፈራ ሲል የሚጠማበትን ጊዜና ቦታ መርጦ ያጠጣል።

እንዲህ ያለው ውሳኔ የሚጸናው አባላት ራሳቸው ሲነጋገሩበት ነው። የወንበሩ መጎተቻ ሊታደስ በታሰበ ጊዜ፣ በሁለት ሰው ወንበር ይለወጥ ወይስ ጥንታዊው ይታደስ የሚለው ጥያቄ ለአባላቱ ቀርቦ ነበር። የሁለት ሰው ወንበር በሰዓት ብዙ ሰው ያወጣል። ነገር ግን ብዙ ሰው ሲወጣ በረዶው ቶሎ ይቧጠጣል፣ ተዳፋቱም ይጨናነቃል። አባላቱ ጥንታዊው እንዲታደስ መረጡ። ውሳኔው የራሳቸው ስለነበረ ለዕድሳቱ ገንዘብ ሲጠየቁም ሰጡ።

የመሣሪያው ወሰንም በግልጽ መታወቅ አለበት። በ2015 የገና ዋዜማ በ20 ዲግሪ ሙቀት የሚሠራ የበረዶ መርጫ አልነበረም። አየሩ እየሞቀ በሄደ መጠን ለሥራ የሚመቹት ቀዝቃዛ ሌሊቶች ያንሳሉ። በመሆኑም ገንዘብን ሁሉ በመርጫ ላይ ማፍሰስ ዋስትና አይሆንም። መርጫው የሚያደርገው ቅዝቃዜው በመጣ ጊዜ እንዳይባክን ማድረግ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ትንንሾቹ ቦታዎች ከብዙ መርጫ ይልቅ ጠንካራ ፓምፕና ሰፊ ኩሬ የሚሹት። ሦስት ቀዝቃዛ ሌሊት ብቻ ከተገኘ፣ በሦስቱ ሌሊት ብዙ ውሃ መግፋት የቻለ ይከፍታል።

ለማኅበር መሪዎች

በረዶ ከማያውቅ አገር ላለ የማኅበር መሪ ከዚህ ሁሉ የሚቀረው ነገር የገንዘቡ አያያዝ ነው። በወቅት ላይ የተመሠረተ ማንኛውም የጋራ ሥራ፣ የዘር አቅርቦትም ሆነ የመስኖ ፓምፕ፣ ገንዘብ የሚፈልገው ገቢ በሌለበት ጊዜ ነው። ያንን ክፍተት በዓመቱ መጨረሻ በሚደረግ ልመና መሙላት አይቻልም። አባሉ ምን ያህል፣ መቼና ለምን እንደሚከፍል አስቀድሞ በመተዳደሪያ ደንብ ሲጻፍ፣ ክፍያው እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ዘር ይቆጠራል።

ሁለተኛው ነገር አባሉ የከፈለውን በአገልግሎት መልሶ ማግኘቱ ነው። የማድ ሪቨር ግሌን አባል ያስቀመጠውን ገንዘብ በወቅቱ በቲኬት ይጠቀምበታል። መዋጮ በአባሉ ዓይን ፊት ወደ ሥራ ሲለወጥ ለሚቀጥለው ዓመት ጥሪ መልስ ይገኛል። ደብዛው የጠፋ መዋጮ ግን የመጨረሻው ይሆናል።

ሦስተኛው ልክን ማወቅ ነው። ጎረቤት ባለሀብት የገዛውን መሣሪያ ሁሉ መግዛት ማኅበርን አያሳድግም። ጥቂቱ ገንዘብ የት ላይ ቢውል የቀረው ሥራ ሁሉ እንደሚንቀሳቀስ መርምሮ ያንኑ መሥራት ይበልጣል። ይህን የሚያውቁት ደግሞ ተዳፋቱን በየዓመቱ የሚረግጡት አባላት ናቸው።

በቬርሞንት ተራሮች በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ሠራተኞች ማታ ማታ ቴርሞሜትር ይመለከታሉ። ቅዝቃዜውን የሚያመጣው ሰማይ ነው። ቀዝቃዛዎቹ አምስትና ስድስት ሌሊቶች ሲመጡ ግን ቧንቧው ተዘርግቶ፣ ኩሬው ሞልቶ፣ የመብራቱም ሒሳብ ተከፍሎ እንዲገኝ ማድረግ የአባላቱ ፋንታ ነው። ያም ሥራ የሚጀመረው ሣሩ ገና ለምለም ሳለ ነው።